ሞግዚቷ የያዘችው አምባ

ተረት ተረት።

፦ አውጊን እስኪደርስ እራት።

አይ እናንተ፣ ሆዳችሁ ይቀድማል። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ጥጉ ላይ ያለኸው፣ እግርህን ሰብስብ።

በድሮ ዘመን አንድ ባላባት ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ታላቁ ጥሩነህ፣ ታናሹ ተድላ ይባላሉ። እናታቸው ተድላን በወለደች ሰሞን ሞተችና አትጠገብ የምትባል ሞግዚት መጣች። አትጠገብ ያኔ የራሷ ሕፃን ሞቶባት ነበር። ተድላን ጡቷን አጠባችው፤ ጥሩነህንም አዝላ አሳደገችው። ልጆቹ ጎረመሱ። ከዚያም ባላባቱ ስለ ውለታዋ በአገሩ መካከል ባለው አምባ ላይ መሬት ሰጣትና እዚያው ባቄላ እየዘራች ተቀመጠች።

ባላባቱ ግን አገሩን ሳያካፍል ሞተ። ጥሩነህ፦ ታላቅ ነኝና አገሩ የኔ ነው አለ። ተድላ፦ እኔስ የማን ልጅ ነኝ? አለ። አገሩ ለሁለት ተከፈለ። አማች ከአማቹ፣ አበልጅ ከአበልጁ ተለያየ። ጥሩነህ ከአምባው በስተ ምዕራብ፣ ተድላ በስተ ምሥራቅ ጦር ሰበሰቡ። የፈረስ ስምም አወጡ። ጥሩነህ «አባ ናዳ» ተባለ። ተድላ «አባ መብረቅ» ተባለ። ሲሰሙት ያስፈራል አይደል? ቆዩ ብቻ።

አምባው ዙሪያው ገደል ነው። በምዕራብ አንዲት ቀጭን መንገድ፣ በምሥራቅም ሌላ ቀጭን መንገድ አለችው። ከላይ ሆኖ ድንጋይ የሚለቅ ሰው ከታች ያለውን ጦር ይፈጀዋል። ሁለቱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። በልጅነታቸው እዚያው ላይ ድንጋይ ሲያንከባልሉ አትጠገብ ናት ጆሯቸውን ይዛ የምትመልሳቸው።

አንድ ማለዳ የጥሩነህ መልእክተኛ እያለከለከ ወጣ።

፦ እሜቴ፣ ጌታዬ «እማዬ አምባውን ትልቀቅልኝ፣ ነገ ጦሬን አሰፍርበታለሁ» ብለዋል።

፦ ሰምቻለሁ በለው አለችው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የተድላ መልእክተኛ በወዲያኛው መንገድ ወጣ። ቃሉ ያው ነው። ለእርሱም፦ ሰምቻለሁ በለው አለችው።

ከዚያም ባቄላው መካከል ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለጥሩነህ ብለቅለት ተድላዬ ይሞታል። ለተድላ ብለቅለት ጥሩነህ ይሞታል። አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ፣ ይበቃኛል አለች። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና፦ እንግዲያው እኔው እይዘዋለሁ ብላ ተነሣች።

የአምባው ወንዶች በሁለቱ ጦር ውስጥ ነበሩና የቀሩት ሴቶች ብቻ ናቸው። ሰበሰበቻቸውና በየአፋፉ እሳት አንድዳችሁ ንፍሮ ጣዱ አለቻቸው። ዝማም የምትባል አፈኛ ነበረች።

፦ ጦር ሲመጣ ንፍሮ?

፦ እነሱ ከታች ሆነው የሚያዩት ጭሱን ነው። ድስቱን ማን ያያል? አለቻት።

በማግስቱ ጥሩነህ ጦሩን አሰልፎ ቀና ቢል አምባው ጭስ በጭስ ነው። ወንድሜ ቀደመኝ አለ። በወዲያ በኩል ተድላም ቀና አለና ወንድሜ ቀደመኝ አለ። የሚወጣ ጠፋ። ሁለቱም ከታች ፀሐይ ሲፈጃቸው፣ ሴቶቹ ከላይ ንፍሯቸውን እየዘገኑ ይበላሉ።

ቀኑ ሲጋመስ ጥሩነህ አላስችል አለው። ጋሻውን እየነቀነቀ ከጦሩ ፊት ወጣ።

፦ ዘራፍ! ገደል ናጁ፣ ጦር ፈጁ፣ አባ ናዳ!

ከላይ ድምፅ መጣ።

፦ ድንቡሼ! ምን ፀሐይ ላይ ያቆምሃል? ራስህን ያምሃል።

ወፍራም ሕፃን በነበረ ጊዜ አትጠገብ ያወጣችለት ስም ነው። አንዱ ወታደር ፊቱን በጋሻው ጋረደ። ሌላው ያሳለ መሰለ። ከዚያም አልቻሉም፣ በሳቅ ፈረሱ።

ተድላ ከወዲያ ሳቁን ሰማና በእርሱ የሳቁበት መሰለው። እርሱም ወጥቶ፦ ዘራፍ አባ መብረቅ! አለ።

፦ ጫጩቴ! አትጩህ፣ ጉሮሮህ ይላጣል።

የእርሱም ጦር ፈረሰ። ከዚያማ ሴቶቹን ማን ይያዛቸው። ዝማም ከታች ከጦሩ መካከል ወደ ቆመው ልጇ ዞረችና፦ አንተ ቁርበት አርጣቢ፣ ጦር ይዘህ ነው? አለችው። እያንዳንዷ የልጇን የቤት ስም ከላይ ለቀቀችው። ሆዱን ይዞ የሚስቅ ሰው ምኑን ይዋጋል?

ሁለቱ ጌቶች በገኑ። ተከተሉኝ ቢሉ የሚስቅ እንጂ የሚከተል የለም። ወንድሜ ከላይ አለ ብለው እንኳ አላሰቡም፤ ንዴት ዓይናቸውን ጋርዶታል። አትጠገብን ዝም ሊያሰኙ በየመንገዳቸው ብቻቸውን ወጡና አምባው ላይ ፊት ለፊት ተያዩ። ጦር የለም። ሴትና ድስት ብቻ ነው።

ጥሩነህ እጁን ወደ ጎራዴው ሰደደ። ተድላም ሰደደ። አትጠገብ በመካከላቸው ልትገባ ተንደረደረች።

ጥሩነህ ወንድሙን አየው። ሳቁ መጣበት።

፦ ጫጩቴ? አለ።

ከአባታቸው ቀብር ወዲህ በዚህ ስም ጠርቶት አያውቅም። ተድላም፦ ድንቡሼ አለው። ተቃቅፈው ሳቁ፣ ሳቁና አለቀሱ። አትጠገብም አብራ አለቀሰች፣ ደስ ብሏት።

ከአንድ ሳህን ንፍሮ አጎረሰቻቸውና ወደ አፋፉ ወሰደቻቸው።

፦ እስቲ ከዚህ ሆናችሁ እዩት። የአባታችሁ አገር የቱ ጋ ነው የተከፈለው?

ቢያዩ ወሰኑ አይታይም። ከታች ወታደሮቹ አምባውን ዞረው አማቾቻቸውን እየፈለጉ ነው። ጦርነቱም በዚያው አለቀ። ወንድማማቾቹ አገሩን አብረው ሊይዙ እጇን ይዘው ማሉ።

ጥሩነህ ሊወርድ ሲል ጠጋ አላትና በጆሮዋ፦

፦ እማዬ፣ በጦሬ ፊት ያንን ስም ሁለተኛ አትጥሪብኝ አላት።

፦ ከወንድምህ ጋር እስከተስማማህ አባ ናዳ ነህ፣ ልጄ። ጦር ያነሣህ ዕለት ግን እኔ እዚሁ ከላይ ነኝ አለችው።

ተረቴን ከአምባው አወረድኩላችሁ፣
አፌን በንፍሮ ሙሉት በእጃችሁ።