አንጓችና የተዘጋው ቦኖ

ተረት አለኝ፤ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ከከተማው ጫፍ፣ ከጅረቱ ማዶ፣ አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። የፈለገችው አንድ እንስራ ንጹሕ ውሃ ነበር። የጅረቱን ውሃ ከብት ይረግጠዋል፤ ትንሿ ልጇ እሱን ጠጥታ፣ ሆዷን ይዛ ከተኛች አራተኛ ቀኗ ነው። አንጓች እንስራዋን አዝላ፣ ጅረቱን በእግሯ ተሻግራ፣ ወደ ከተማው ቦኖ ሄደችና ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ጠባቂው ጋሽ ፈለቀ ቦኖውን ዘጋ።

«ጋሽ ፈለቀ፣ ክፈትልኝ እንጂ።»

«ሰዉ ከሸክላ ሠሪ ጋር አንቀዳም ይላል። እኔ ምን ላድርግ? ሊቀመንበሩ ካላዘዘኝ አልከፍትም።»

አንጓች ወደ ሊቀመንበሩ ወደ አቶ ተገኔ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ልጄ ታማብኛለች። ቦኖው አይሰጥ፣ ፈለቀ አይከፍት፤ እርስዎ ይዘዙልኝ።»

«እግዜር ይማርልሽ» አለ አቶ ተገኔ። «ምክር ቤቱ ካልወሰነ ግን አላዝም።»

አንጓች ወደ ምክር ቤቱ ጸሐፊ ወደ አቶ ልሳኑ ሄደች።

«ቦኖው አይሰጥ፣ ፈለቀ አይከፍት፣ ሊቀመንበሩ አያዝ፤ ምክር ቤቱ ይወስንልኝ።»

ልሳኑ ከመዝገቡ ቀና አላለም። «አጀንዳ ካልቀረበለት አይወስንም።»

«አጀንዳ ምንድነው?»

«ሰው የሚነጋገርበት ጉዳይ።»

«ይኸው ጉዳይ።»

«የሚያቀርበው የመንደር ተወካይ ነው።»

«የእኛ መንደር ተወካይ ማነው?»

ልሳኑ ገጹን ገለጠ። ሌላም ገለጠ። «ባዶ ነው» አለ።

አንጓች ወደ መንደሯ ተመልሳ ሽማግሌውን አንጥረኛ አያ ሽበሺን ወናፋቸው አጠገብ አገኘቻቸው።

«አያ፣ ቦኖው አይሰጥ፣ ፈለቀ አይከፍት፣ ሊቀመንበሩ አያዝ፣ ምክር ቤቱ አይወስን፣ አጀንዳው አይቀርብ፣ ተወካይ የለን። እንምረጥ።»

አያ ሽበሺ ወናፉን አቆሙ። «ልጄ፣ ሰባ ዓመት ኖሬያለሁ። ስብሰባ የሚጠሩት በራችንን አልፈው ነው። ማን ምረጡ ብሎን?»

አንጓች ያንኑ መንገድ ተመልሳ ልሳኑ ፊት ቆመች። አሁን ልመና አልነበረም።

«ቦኖው አይሰጥ፣ ፈለቀ አይከፍት፣ ሊቀመንበሩ አያዝ፣ ምክር ቤቱ አይወስን፣ አጀንዳው አይቀርብ፣ ተወካይ የለን፣ መንደሩ አይመርጥ። እንዳንመርጥ የከለከለን ማነው?»

ልሳኑ ደንቡን አወጣ። ከላይ እስከ ታች በጣቱ ሄደበት።

«ማንም። ሃያ አባወራና እማወራ ተሰብስቦ እጅ ካወጣ ይበቃል።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?»

«የጠየቀ የለም» አለና ማኅተሙን አስተካክሎ አስቀመጠ።

አንጓች ቤት ለቤት ዞረች። በማግስቱ ሃያ ሦስት ሰው ተሰበሰበ፤ ሃያ ሁለቱ ለአንጓች እጅ አወጡ። ሃያ ሦስተኛዋ እሷው ነበረች። ትንሽ አፍራ ቆየችና አወጣች።

ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ አንድ ሰው ተነሳ። «ከነሱ ጋር በአንድ ቦኖ? እንዴት ተደርጎ!»

አንጓች ብድግ አለች። «ጠላችሁ የሚጠመቅበት ጋን ከማን ቤት ወጣ? ወጥ የምትሠሩበት ድስትስ? በሠራሁት ከበላችሁ፣ አብሬያችሁ ብቀዳ ምን ይሆናል?»

ሰውየው ምሳው የተሠራበትን ድስት አሰበ። ተቀመጠ።

መንደሩ መረጠና ተወካይ ተገኘ፤ ተወካይ ተገኘና አጀንዳው ቀረበ፤ አጀንዳው ቀረበና ምክር ቤቱ ወሰነ፤ ምክር ቤቱ ወሰነና ሊቀመንበሩ አዘዘ፤ ሊቀመንበሩ አዘዘና ፈለቀ ከፈተ፤ ፈለቀ ከፈተና ቦኖው ሰጠ፤ ቦኖው ሰጠና እንስራው ሞላ። ልጅቱም ንጹሕ ውሃ ጠጣች፤ ውላ አድራ ከመደቧ ተነሳች።

በሚቀጥለው ስብሰባ አንጓች ከሁሉ ቀድማ መጥታ ተቀመጠች።

«ውሃው ተሰጠሽ አይደል?» አላት ልሳኑ። «ደግሞ ምን ፈለግሽ?»

«ድልድይ» አለችው። «ጻፍ።»

የእኔ ሸክም እዚህ ወረደ፤ የቀረውን እናንተ ተሸከሙት።