በቀትር የተሳፈረው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። አገሩ ቆላ፣ ሥራው በሞተር ሰው ማመላለስ። «ሁሉ ነገር ሰላም ሆኖልኝ ሳለ ጠዋት ጠዋት መጸለዬ ለምን ይሆን?» ላልኸኝ መልሱ እዚህ ሰው ዘንድ ነውና ታግሠህ ስማ።

ይህ ሰው ዓይኗ የጠፋ እናት ነበረችው። እጇም ስለሚንቀጠቀጥ እህል ወደ አፏ ማድረስ አትችልም። የጎረቤት ሴቶች ሊያጎርሷት ሞክረው ነበር፤ እሷ ግን የማን እጅ እንደሆነ ሳታውቅ አፏን አትከፍትም። መጀመሪያ መዳፉን ትዳብሳለች፤ የልጇ መሆኑን ስታውቅ ትበላለች። ስለዚህ ሌሎቹ ሞተረኞች ቀትር ላይ ዛፍ ሥር ሲጋደሙ እሱ ወደ እናቱ ይነዳል። እሱ ካልደረሰላት ጦሟን ትውላለች።

ጓንት ነበረው። ነበረው እንጂ አያጠልቀውም፤ ከመሪው ሥር አስሮ የሞተሩን ዘይት ይጠርግበታል። ባልደረቦቹ በዚያ ሀሩር ጓንት አጥልቀው ሲመጡ ባያቸው ቁጥር ይስቃል።

«ምነው፣ ልትሞሸሩ ነው እንዴ? ሚዜዎቹስ የት ቀሩ?» ይላቸዋል።

ከመካከላቸው ጠና ያለው አንድ ቀን፣ «ሳቅ አንተ» አለው። «መሬት ስትጠራህ ቀድመህ የምትሰጣት እጅህን ነው።»

«እኔን እስካሁን አልጠራችኝም።»

«ስምህን እያጠያየቀች ይሆናላ» አለው ሰውየው።

ታዲያ አንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ እንደ ልማዱ ወደ ቤቱ ሲነዳ፣ መንገድ ዳር የቆመ ሰው አየ። በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ሰው አይቆምም፤ ፍየል እንኳ ጥላ ፈልጋ ትተኛለች። አቆመለትና ለሰላምታ እጁን ዘረጋ። ሰውየው ግን መዳፉን አልሰጠውም፤ ከማዕድ እንደተነሣ ሰው የእጁን አንጓ ሰጠው። ሞተረኛው አንጓውን ሲይዘው ቀዘቀዘው። በዚያ ሙቀት ከምንጭ ውስጥ የወጣ ድንጋይ ይመስል ነበር።

«ከኩርባው ማዶ አድርሰኝ፣ ወንድሜ።»

«ተፈናጠጥ።»

ተፈናጠጠ። ሰው ሲፈናጠጥ ሞተር ከኋላው ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ግን ንቅንቅ አላለም። ሞተረኛው ዘወር ብሎ አየ። ሰውየው ተቀምጧል። «መቼም ከሲታ ነው» አለ በልቡ፤ ነዳ።

ጥቂት እንደሄዱ ሰውየው እጆቹን ወደ ፊት አምጥቶ ሞተረኛው ጭን ላይ አሳረፋቸው። እንደሚለምን ሰው መዳፎቹን ወደ ላይ ገልብጧቸዋል። ሞተረኛው ቁልቁል አየና ዓይኑን መንቀል አቃተው። መዳፎቹ መስመር የላቸውም። እንደ ተፋቀ ቆዳ ልሙጥ ናቸው፤ ከልሙጡ ሥር ደግሞ ጥቋቁር ጠጠሮች ይታያሉ፤ ሥጋው ውጧቸው ድኗል።

«ምን አግኝቶህ ነው፣ ጋሼ?» አለ።

«የወደቅሁ ዕለት ሞቆኝ ነበር። ጓንቴን አወለቅሁት።»

ሞተሩ ይጮኻል፤ ሰውየው ግን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ከጆሮው ሥር ይሰማል።

«እኔም እናት ነበረችኝ» አለ። «ከሐኪም ቤት ስመለስ መዳፌን ዳበሰችና፣ ‹ይሄ የልጄ እጅ አይደለም› አለች። አፏን አልከፈተችልኝም።»

ሞተረኛው ስለ እናቱ ትንፍሽ አላለም ነበር።

ሞተሩን አቆመ። ዘወር አላለም። ያን ዘይት የጠጣ ጓንት ከመሪው ሥር ፈታ፤ አንዱን አጠለቀ፣ ሁለተኛውንም አጠለቀ። ከዚያ በኋላ ነው ለመዞር ልብ ያገኘው። ከኋላው ማንም የለም። መንገዱ ግራና ቀኙ ሜዳ ነው፤ ሰው የሚሸሸግበት ቁጥቋጦ የለም። አቧራው ላይ የጎማው ፈለግ እንጂ የሰው ኮቴ አልነበረም።

አማተበና ነዳ። ኩርባውን ነፋስ አሸዋ አልብሶት ነበር፤ ጎማው ከዳው። ሞተሩ በአንድ ወገን፣ እሱ በሌላ ወገን። ሰው ሲወድቅ ማሰቢያ ጊዜ የለውም፤ ሁለት መዳፉ ቀድሞ መሬቱን ያዘ፤ እንደዚያ ሆኖ ኮረኮንቹ ላይ ተንሸራተተ። ሲነሣ የጓንቱ መዳፍ ተበልቶ አልቋል። አወለቀው። እጁ ቀልቷል፤ አልተላጠም።

ሞተሩን አንሥቶ ቤቱ ደረሰ። እጁን ታጠበ። እናቱ መዳፉን ዳበሰች፤ ከወትሮው ረዘም አድርጋ ዳበሰችው። ከዚያ አፏን ከፈተች። ሁለተኛውን ጉርሻ ሲያቀርብላት ግን ፊቷን ወደ በሩ መለሰች።

«ያኛውስ?» አለች። «ቆሞ ሊቀር ነው? ግባ በለው። እጁን አልዳብሰውም።»

በሩ ላይ ፀሐይ ብቻ ነበረች።

ያ ሰው ማን እንደነበረ እኔ አላውቅም፤ የቀትርን ነገር የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ሞተረኛው ግን ከዚያ ወዲህ ያለ ጓንት ሲነዳ ያየው የለም። «በዚህ ሀሩር?» ብለው ሲስቁበት፣ «ጓንት ለአየሩ አይደለም፤ ለመሬቱ ነው» ይላቸዋል።

አንተም ልጄ እንደዚያ ነህ። ሥራህ ደህና፣ ቤትህ ደህና፣ ተመስገን ነው። በደህና ቀን መጸለይ በሙቀት ጓንት እንደማጥለቅ ሆኖብሃል፤ ይከብዳል፣ ያልባል፣ ሰውም ይስቅብሃል። አልዋሽህም፣ እኔንም ያልበኛል። ነገር ግን ከመዳፍህ የሚጎርስ ሰው አለህ፤ ኩርባው የት እንዳለ ደግሞ አንተም እኔም አናውቅም። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ። እየወደቀ ጓንት ያጠለቀ ግን አላየሁም።