ኤ የእግዜር፣ ቢ የዶክተሩ

አንድ ቀን፣ ያውም ዩኒቨርሲቲ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት፣ ትርንጎ የምትባል የመርሳ ልጅ ኬሚስትሪ ክፍል ገብታ ከፊት ተቀመጠች። አገሯ ሳለች ሰቃይ ተማሪ ነበረች፤ ከአንደኛ ወርዳ አታውቅም። ካምፓስ ስትገባ ግን ያገኘችው ሰው ሁሉ ከየአገሩ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ሆነባት። ዶርሟ ያሉት ልጆች አንደኛ፣ ካፌ ሰልፍ ላይ ከፊቷ የቆመው አንደኛ፣ ከኋላ የሚገፋትም አንደኛ። እንግዲህ ይኼ ሁሉ አንደኛ ተሰብስቦ ሁለተኛው ማን ሊሆን ነው እያለች ስታሰላ፣ መምህሩ ዶክተር ጫንያለው ገቡ።

ዶክተር ጫንያለው የሚታወቁት በዕውቀታቸውና በንፉግነታቸው ነው። ዕውቀታቸውን ማንም አይክድም። ንፉግነታቸው ደግሞ በገንዘብ እንዳይመስላችሁ፤ ያገኙትን ሰው ሁሉ ሻይ ይጋብዛሉ። ከእጃቸው የማይወጣው ነጥብ ነው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አድርገው ክፍሉን ቃኙና፣

«ከወዲሁ እንተዋወቅ» አሉ። «እኔ ጋ ኤ የእግዚአብሔር ናት። ቢ የእኔ ናት። ከእናንተ መሀል ጎበዝ የተባለው ሲ ያገኛል። ሌላው እንደ ፍጥርጥሩ።»

ክፍሉ ሳቀ። ትርንጎ አልሳቀችም። እሷ የመጣችው ፋርማሲ ለመማር ቆርጣ ነው፤ ፋርማሲ ደግሞ የሚገባው በመጀመሪያው ዓመት ውጤት ተወዳድሮ ነው። ከነባር ተማሪዎች እንደሰማችው ኬሚስትሪ ላይ ሲ ያመጣ ሰው ፋርማሲን በመስኮት ከማየት በቀር ሌላ ዕድል የለውም።

የመጀመሪያው ፈተና መጣ። «ውሃ ስኳር ማሟሟት የሚያቆመው መቼ ነው? አስረዱ» ይላል። ትርንጎ ነገሩ በደንብ ገብቷታል፤ ስለዚህ በራሷ መንገድ አስረዳች። ሚኒባስ ሲሞላ ትርፉ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ውሃውም የሚችለውን ያህል ስኳር ከያዘ በኋላ የቀረውን አልጭንም ይላል ብላ ጻፈች። መቼስ ሞላ ብሎ ሰው የሚመልስ ረዳት አይታ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ወረቀቱ ሲመለስ ግን ሚኒባሱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ መስመር ተጋድሞበታል።

ልትጠይቅ ሄደች።

«ዶክተር፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

«እኔ ስለ ሚኒባስ አስተምሬያለሁ?»

«አላስተማሩም።»

«ታዲያ እኔ ያላልኩትን ከየት አመጣሽው?»

በቃ፣ ትርንጎ የዶክተሩን አመል ያን ቀን አወቀችው። ከዚያ ወዲያ ከአፋቸው የወጣውን ሁሉ ትለቅም ጀመር። የማትጽፈው ሲያስሉ ብቻ ነው። የጻፈችውን ደግሞ ቁጭ ብላ ትሸመድደዋለች፤ ዓይኗን ጨፍና ስታነበንበው የዶርሟ ልጆች «አንቺ፣ ይኼ ኬሚስትሪ ነው ዳዊት?» እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ። ፋርማሲ የምትገባው እሷ ናት።

የማጠቃለያው ፈተና ሲመጣ ያው የስኳሩ ጥያቄ ከነጓደኞቹ ተሰልፎ ጠበቃት። እሷም የሸመደደችውን ሁሉ ዘረገፈችው። ደስ ብሏት ወጣች። ውጤቱ ሲለጠፍ በስሟ ትይዩ የቆመችው ሲ ናት። ትርንጎ ክው አለች። በቀጥታ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ሄደች።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ አንድም ጥያቄ አልሳትኩም።»

ዶክተሩ ከወረቀት ክምር ውስጥ የሷን ፈልገው አወጡ።

«አልሳትሽም። ግን ይኼ ያንቺ ሥራ ነው? ከላይ እስከ ታች የእኔ ነው እኮ። እስቲ ስሚው፤ ‹ሚስቴ ሻዬ ላይ ስኳር ትጨምራለች፤ አሁንም ትጨምራለች፤ በመጨረሻ ስኳሩ እምቢ ብሎ ከታች ይቀመጣል።› ሚስቴ? አንቺ ሚስት አለሽ እንዴ?»

«የርስዎ ሚስት ናቸው፣ ዶክተር።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። ምሳሌው የእኔ፣ አነጋገሩ የእኔ፣ ሚስቲቱም የእኔ። ከራስሽ ያዋጣሽው አንዲት ቃል የለም።»

«አንዲትም?»

«አንዲትም። ስምሽ ባይኖርበት እኔው ራሴ የጻፍኩት ነበር የሚመስለኝ።»

ትርንጎ ከዚህ ቢሮ ባዶ እጇን ከወጣች ነገሩ እንዳለቀ ታውቃለች።

«እንግዲያው ሲ አይገባውማ፣ ዶክተር» አለች ቀስ ብላ። «ሲ የእኛ ናት። ይኼን የሠሩት እርስዎ ከሆኑ፣ የገዛ ቢዎን ለምን ይነፍጉታል?»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ተማሪዎች ዶክተሩ ምን ነካቸው እስኪሉ ድረስ ሳቁ። ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው ሲዋን ሰረዙና ቢ ጻፉ። ግን ተረትተው መቅረት አልሆንላቸው ብሎ፣ ወረቀቱን ይዘው፣

«ቆይ፣ ይኼን ያህል ከደፈርሽ አይቀር ኤ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሏት።

«የርስዎን ብቻ ይስጡኝ፣ ዶክተር» አለች ትርንጎ ወረቀቷን እየተቀበለች። «ኤዋን ከባለቤቱ ጋር እንጨርሳለን።»