ሁሉን አዋቂው አስጎብኚ

አንድ አስጎብኚ ነበር፤ ስሙ ይርዳው ይባላል። ከአለት የተፈለፈሉ ጥንታዊ አዳራሾችና ዋሻዎች ባሉበት ሸለቆ ውስጥ ጎብኚዎችን ጠዋት ወስዶ አመሻሽ ላይ ይመልሳል። በአካባቢው የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ ለተጠየቀው ሁሉ መልስ አለው። «አላውቅም» የምትለው ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። የማያውቀው ነገር ሲገጥመው፣ ከማፍር ይሻላል ብሎ አንድ ንጉሥ ወይም አንዲት ንግሥት ፈጥሮ ያልፋል። እውነቱን ለመናገር፣ እሱ የሚፈጥራቸው ነገሥታት በእርግጥ ከነበሩት ይልቅ ደስ ይሉ ነበር።

ክረምቱ እንዳለፈ የዓመቱን የመጀመሪያ ጎብኚዎች ይዞ ወረደ። አንድ የጨርቅ ነጋዴ፣ ይህን ቦታ ለማየት ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙ የኖሩ እማማ ዘርፌ የሚባሉ አሮጊት፣ እንዲሁም አድማሴ የሚባል ዝምተኛ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። እስከ እኩለ ቀን ሁሉም ነገር ሰመረ። ከዚያ በኋላ ግን ይርዳው የሚያውቀው መንገድ በክረምቱ ናዳ ተዘግቶ ጠበቀው። ቆም አለ። ሦስቱም ዓይን ዓይኑን ያዩታል። መንገዱን አላውቀውም ቢል ምን ሊሉት ነው? «በዚህ በኩል ደግሞ ይበልጥ ያምራል» አለና ረግጦት በማያውቀው የአለት ስንጥቅ ገባ።

ስንጥቁ ወደ ሌላ ስንጥቅ፣ ያም ወደ ሌላ ሸለቆ ይወስዳል። ጥቂት እንደሄዱ ከአለት የተፈለፈለ አንድ ክፍል አገኙ። ነጋዴው «ይህስ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። ይርዳው ክፍሉን ሲያይ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። «የንግሥቲቱ ጸሎት ቤት ነው፤ ሱባኤ የምትገባው እዚህ ነበር» አለ። አድማሴ ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰና ሊናገር አፉን ከፈተ። ይርዳው ግን ወዲያው ወደ ንግሥቲቱ ልጆች ታሪክ ተሻገረ። ጠራቢው አፉን መልሶ ዘጋ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ፀሐይ አለቱን አግላዋለች፤ የያዙት ውሃም አልቋል። የእማማ ዘርፌ ከንፈር ደርቆ እርምጃቸው እየከበደ ሄደ። በአንድ ወፍራም ዓምድ አጠገብ ሲያልፉ ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይህን ዓምድ ቅድም አሳይተኸን አልነበረም?»

«አይ እማማ፣ ይሄ መንታው ነው» አለ ይርዳው።

አሮጊቷ ጥላ ፈልገው ዓምዱ ሥር ተቀመጡ። ሊነሱ ሲሞክሩ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ነጋዴው ደግፎ ሊያቆማቸው ቢሞክርም አልሆነም። ይርዳው ይህን ሲያይ፣ ውሃ በቶሎ ካላገኙ እኚህ ሴት ከሸለቆው በሕይወት ላይወጡ እንደሚችሉ ገባው።

እማማ ዘርፌ እጁን ያዙት። «የኔ ልጅ፣ መንገዱ ጠፍቶብሃል?» አሉት፤ በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ይርዳው እንደልማዱ አንድ ንጉሥ ሊጠራ አሰበ፤ ንጉሡ ግን አልመጣለትም። «አዎ፣ እናቴ» አለ በመጨረሻ። «ጠፍቶብኛል። ከቀትር ጀምሮ የት እንዳለን አላውቅም። ዓምዱም ያው የቅድሙ ነው።»

ነጋዴው ፊቱን አጠቆረ። ከመናገሩ በፊት ግን አድማሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያው እኔ አንድ ነገር ልበል» አለ። «ቅድም ያየነው ክፍል ጸሎት ቤት አይደለም። አለቱ ተሰንጥቆባቸው ሳይጨርሱት የተውት ነው፤ የመሮው ምልክት እንኳ አልተስተካከለም። የፈለፈሉትን ድንጋይ ግን የሆነ ቦታ ወስደው ደፍተውታል። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን ያን ሁሉ ፍርፋሪ ሽቅብ አልሸከምም። ቁልቁል፣ ሸለቆው ወደሚሰፋበት ነው የማወጣው። ፍርፋሪውን ብንከተል ውሃም ሰውም ወዳለበት እንወርዳለን።»

ክፍሉ ከዓምዱ ብዙ አይርቅም ነበር። አድማሴ ከደጃፉ ጀምሮ ሣሩን በእግሩ ገለጥ ገለጥ አደረገ። ጠርዙ ያልዶለዶመ፣ ጎርፍ ያላለሰለሰው ነጭ ፍርፋሪ ድንጋይ ከሥሩ ወጣ። ራቅ ብሎም እንዲሁ ሌላ አገኘ። ይርዳው እማማን አዘለ፤ ጠራቢው ፊት ፊት ሄደ፤ ፍርፋሪውን እየተከተሉ ወረዱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሸለቆው ሰፋ፤ ሸምበቆ ታየ፤ የውሃ ድምፅም ተሰማ። ከምንጩ ማዶ የሰው ቤቶች ነበሩ።

እማማ ዘርፌ በእፍኛቸው ጠጡ፤ ፊታቸውን ታጠቡ፤ «ተመስገን» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው ሲፈካ ያየው ይርዳው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ለቅሶው የእፎይታ ነበር። ሁሉን አዋቂ ሆኖ መኖር ለስንት ዓመት እንዳደከመው የገባው ያን ጊዜ ነው። እንባውን ጠርጎ ወደ አድማሴ ዞረ።

«ይህን ሁሉ እያወቅህ እስካሁን ለምን ዝም አልክ?»

«አንተ የምታውቅ መስሎኝ ነዋ» አለ ጠራቢው። «ደግሞ ንግሥቲቱን አቋርጬ ልናገር?»

መጀመሪያ የሳቀው ተቆጥቶ የነበረው ነጋዴ ነው። እማማ ተከተሉት። በመጨረሻ ይርዳው ራሱ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ሰዎችን የሚመራ ሰው «አላውቅም» ያለ ቀን ክብሩ የሚወድቅ ይመስለዋል። ይህ ፍርሃት አባትን፣ መምህርን፣ አለቃን ሁሉ ይይዛል። ይርዳው ግን ያን ቃል ባይናገር ኖሮ የአድማሴ አፍ ባልተከፈተ፣ አሮጊቷም ከዓምዱ ሥር ባልተነሱ ነበር። አለማወቃችንን ስንናገር፣ በአጠገባችን ላለው አዋቂ ቦታ እንለቅለታለን።

እስቲ ዛሬ እርስዎን ተከትለው የሚሄዱትን ሰዎች ዞር ብለው ይመልከቷቸው። ከመካከላቸው መንገዱን እያወቀ፣ እርስዎን አክብሮ ዝም ያለው የትኛው ነው?