የአያ ጅቦ ቦኖ

አንድ ጊዜ በአንድ ወንዝ ዳር ሁለት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ነበሩ። የላይኛው የእመት አህዪት፣ የታችኛው የአያ ጅቦ ነበር። አህዪት እጣቢው ወንዝ እንዳይገባ ሦስት ጉድጓድ ቆፍራለች። ጉድጓዱ ጉልበቷንም ጊዜዋንም ስለሚበላ ቡናዋ ትንሽ ወደድ ይላል። አያ ጅቦ ምን ቸገረው፤ እጣቢውን እንዳለ ወንዙ ውስጥ ይለቀዋል። ከእሱ በታች የሚኖሩት ሚዳቋና ከርከሮ ውሃው እያሳከካቸው ቀኑን ሙሉ ዛፍ ላይ ሲታከኩ ይውላሉ።

ታዲያ ቡና ገዢው ሽመላ ከባሕር ማዶ ሊመጣ መሆኑ ተሰማ። ዘንድሮ የሚገዛው ከአንድ ጣቢያ ብቻ ነው። አህዪት ጭንቅ ያዛት። ካልሸጠች ጣቢያዋን ዘግታ ወደ ጭነት ሥራ መመለሷ ነው፤ ጭነት ደግሞ አህያም ብትሆን አትወድም።

አያ ጅቦ ቀበሮን አማካሪ አድርጎ ቀጠረ።

«ሽመላ ዋጋ ብቻ አይደለም የሚጠይቀው» አለ ቀበሮ። «ለአካባቢው ምን አደረጋችሁ ይላል።»

«አካባቢው ለእኔ ምን አደረገልኝ?»

«ይቺን ጥያቄ ለሽመላ እንዳትነግረው። ለመንደሩ አንድ የውሃ ቦኖ አስተክል፣ ስምህን በትልቁ አስጽፍበት፣ ሪባን ቁረጥ፤ በቃ። ውሃውን ከተራራው ምንጭ በቱቦ ታመጣዋለህ።»

ቀበሮ ዞር ሲል አያ ጅቦ ለቱቦው ሳሳ። ምንጩ ድረስ ማን ይሄዳል ብሎ ቱቦውን እዚያው ከጣቢያው በታች፣ እጣቢው ወንዙን ከሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ሰካው።

የምረቃው ቀን ባነር ተሰቀለ፣ ካናቴራ ታደለ። ሚዳቋና ከርከሮ «አያ ጅቦ ለማኅበረሰቡ» የሚለውን ካናቴራ ለብሰው፣ በአንድ እጅ እያከኩ በሌላው አጨበጨቡ፤ እንዴት እንዳጨበጨቡ እነሱን ጠይቁ። ቀበሮ ሪባን ቢያጣ ጠፍር ወጥሮ ነበር። አያ ጅቦ መቀሱን ትቶ ጠፍሩን በላው።

«ተመረቀ» አለ ቀበሮ ቶሎ ብሎ።

ውሃው በብርጭቆ ተቀድቶ ለሽመላ ቀረበ። ሽመላ ብዙ አገር የዞረ፣ ወግ የሚያውቅ እንግዳ ነው።

«በእናንተ አገር ባለቤቱ ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም አሉ። እስቲ ይቅመሱልኝ» ብሎ ብርጭቆውን ለአያ ጅቦ መለሰለት።

አያ ጅቦ ብርጭቆውን አየው፤ አሸተተው።

«እኔ? እኔማ ከዚህ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም። የእኔን ከእመት አህዪት ጣቢያ ሥር ነው የማስቀዳው፤ እሱ ንጹሕ ነው።»

ቀበሮ ዓይኑን ጨፈነ። ከርከሮ መታከኩን አቆመ።

«ይኼኛውስ?» አለ ሽመላ።

«ይኼኛው ለማኅበረሰቡ ነው» አለ አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ።

ሽመላ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሽቅብ ወጣ። አህዪት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ ጉድጓድ ስትጠርግ ደረሰባት። አፈረች።

«ውሃ ብቻ ነው ያለኝ» አለችና ከጣቢያዋ ሥር ቀድታ፣ ማንም ሳይጠይቃት ቀድማ ተጎንጭታ ሰጠችው። ሽመላም ጠጣ።

«ቡናዎ ወደድ ይላል ሲሉ ሰማሁ።»

«ጉድጓዱ ነው ያስወደደው» አለች ቀስ ብላ።

«እሱን ነው የምገዛው» አለ ሽመላ። «ደንበኞቼም ከቡናው በፊት የሚጠይቁኝ ስለ ወንዙ ነው።»

በማግስቱ ቀበሮ አህዪት በር ላይ ቆመ።

«አማካሪ አያስፈልግሽም?»

«እንዴታ፣ አራተኛ ጉድጓድ ልቆፍር ነው። አካፋው ያውልህ።»

የአያ ጅቦ ጣቢያ ገዢ ስላጣ እጣቢውም ቆመ፤ ሚዳቋና ከርከሮም ከእከኩ ተገላገሉ፤ ካናቴራውን ግን ዛሬም ይለብሱታል። አያ ጅቦ እስካሁን ጥፋቱ አልገባውም፤ ነገሩን ያበላሸው ጨው ያነሰው ሪባን ነው ይላል።

ከዚህ የምንማረው፣ ራሳችን የማንቀምሰውን ለጎረቤት ብናቀርብ ደግነታችንም ሸቀጣችንም ተቀባይ እንደማያገኝ ነው።