ልጄን ለቀበረልኝ

በአንድ ወቅት፣ ባሕር በሌላት አገር፣ ባሕርን አንድ ቀን ማየት የምትናፍቅ እናት ነበረች። ስሟ ይመኙሻል ነው። ያደገችው በወሎ፣ ከሐይቅ ዳር ነበርና ውሃ ማለት ለእሷ ማዶ ያለው ነገር ነው፤ በዚህ ዳር ቆመው ሲጣሩ በዚያ ዳር የሚሰማ፣ የማዶው ሰው እሳት ሲያነድ ጢሱ የሚታይ። አራት ልጆች ወልዳ በአዲስ አበባ አሳድጋለች። የመጨረሻው ልጇ ስጦታው ሥራ ፍለጋ በጅቡቲ በኩል ቀይ ባሕርን ሊሻገር ተሰናብቷት ከሄደ ወዲህ፣ በደጃፏ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ጀመር። ፈትሉ ለጋቢ ነው፤ ጋቢውም ለስጦታው። ይህ ታሪክ እንግዲህ የዚያ ጋቢ ታሪክ ነው፤ ሦስቱ የስጦታው ታላላቆች ዛሬም ድረስ የሚከራከሩበት፣ እናንተም ሰምታችሁ የምትፈርዱበት።

ስጦታው አልተሻገረም። የተሳፈረባት ጀልባ ከዳር ብዙም ሳትርቅ ተገለበጠች። ከሞት የተረፈ ባልንጀራው ለታላቅ ወንድሙ ለደርበው ደውሎ መርዶውን ነገረው። አስከሬን አልተገኘም፤ ባሕሩ የወሰደውን አልመለሰም።

ደርበው የበኩር ልጅ ነው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ የቤቱ ጣጣ ሁሉ በጫንቃው ላይ የወደቀበት፣ የእናቱን የልብ ሕመም ከማንም አብልጦ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ልቧ ድንጋጤ እንደማይችል ሐኪሙ የነገረው ለእሱ ነበርና። መርዶውን በሰማ ጊዜ ፊቱን ታጠበ፤ እህቱን ውባለምንና ወንድሙን አላምረውን ጠራ፤ ይህ ነገር በእናታቸው ጆሮ እንደማይገባ ቆርጦ ነገራቸው። ድንኳን አልተተከለም፤ የዕድር ጥሩምባ አልተነፋም፤ ጥቁር የለበሰ የለም። ለሐዘን ጺሙን ሊያሳድግ የሚገባው ደርበው በየጠዋቱ ተላጨ። በየእሁዱም ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቱ አጠገብ ተቀምጦ የስጦታውን ሰላምታ ያደርስላት ጀመር፦ ከከተማ በራቀ እርሻ ላይ ሥራ እንደያዘ፣ በዚያ ስልክ ስለማይሠራ ሰላምታውን በሰው እንደሚልክ፣ ደግሞም ትንሽ እንደወፈረ። እናት የእናት ነገር ሆኖባት ትጠራጠራለች፤ እንዲምልላትም ትጠይቀዋለች።

በእኛ አገር የሚወዱትን ሰው ስም ጠርቶ «እገሌ ይሙት» ማለት ከመሐላ ሁሉ የጠበቀ መሐላ ነው። እንዲህ የሚማለው ግን በሕያው ብቻ ነው። የሞተ ሁለተኛ አይሞትምና፣ በሞተ ሰው የሚምል «በአጽሙ» ይላል። ደርበው ይህን እያወቀ በሟች ወንድሙ እንደ ሕያው ማለ።

«ስጦታው ይሙት፣ ደህና ነው» ይላታል በየእሁዱ።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቶ እጁን የሚታጠብ ለመምሰል ቧንቧውን ይከፍትና ድምፁን በውሃው ድምፅ ሸሽጎ ያለቅሳል። እናት ግን በዚያ ቃል ትኖር ነበር። በዚያ ቃል ትበላለች፣ በዚያ ቃል መድኃኒቷን ትውጣለች፣ ከጎረቤት ጋር ትቀልዳለች፣ እንዝርቷን ታሾራለች። ሸማኔው ጋቢውን ሠርቶ ባስረከባት ዕለት «ደረሰልህ በለው» ብላ በደርበው መልእክት ላከች። ደርበውም «እሺ እማዬ» አለ።

ውባለም የሰው ደስታ የምታሰናዳ ሴት ነበረች። በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ተቀምጣ፣ ሳምንቱ የታከታቸውን ሰዎች ለቅዳሜና እሁድ ወደ ውሃ ዳር ትልካለች። በረራው አጭር ይሁን ይሏታል፤ አሸዋው ንጹሕ፣ መመለሻው ሰኞ ለሥራ የሚያደርስ። እሷም ጅቡቲን ትመርጥላቸዋለች፤ አውሮፕላኑ በሰማይ ላይ ገና ሳይደላደል መውረድ የሚጀምርባትን ቅርብ አገር። አንድ ቀን ሁለት አዲስ ሙሽሮች መኝታቸው መስኮቱ ወደ ባሕሩ የሚያይ እንዲሆን ሲለምኗት ሥራዋን አቆመች። ያ መስኮት የሚያየው የወንድሟን መቃብር ነው። ባዳው ሁሉ በሚታጠብበት መቃብር፣ የወለደችው እናት አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቆም ልትቀር ነውን?

ከዚያ ዕለት ወዲህ ለሌሎች የምታሰናዳውን ለእናቷ ታሰናዳ ጀመር። ፓስፖርቷን አስወጣች፤ ሙቀቱ የሚለዝብበትን ጥርን ጠበቀች፤ ከአሸዋው ከጥቂት እርምጃ በላይ የማይርቅ ማረፊያ መረጠች። ለእናቷ የነገረቻት ሊዝናኑ እንደሚሄዱ ነው። እናት ስትሰማ ፊቷ በራ፤ ስጦታው የተሻገረበትን ውሃ አሳዩኝ እያለች ስትለምን ኖራለችና።

ደርበው ግን ተቆጣ። «የበላውን ውሃ ልታሳያት ነው?»

«እሷ የምታየው ውሃ ነው፣ ጋሼ» አለች ውባለም። «መቃብሩን የማየው እኔ ነኝ። ሳታውቀውም ቢሆን እግሯ ይርገጠው።»

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻም ደርበው እሺ አለ፤ አራቱም አብረው ሊሄዱ፣ ከሦስቱ ማንም አንዲት ቃል ላይተነፍስ ተማምለው።

ውባለም ሻንጣው ቀላል ይሁን ብላ ነበር። እናት ግን ለሠርግ እንደምትሄድ ሴት ነበር ያሰናዳችው። ዳቦ ቆሎ አለ፤ በርበሬ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጋቢው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ለሁለት ቀን መዝናኛ ነው እኮ፣ እማዬ፤ ስደት አይደለም» አለች ውባለም፤ ቃሉ ካመለጣት በኋላ ከንፈሯን ነከሰች።

«የሚሻገር ሰው አይጠፋም» አለች እናት። «ለስጦቴ እልክለታለሁ። በርበሬውንም ያገሩ ሰው ካለ ይካፈለው።»

በአውሮፕላኑ ውስጥ መስኮቱን ለእናት ሰጧት። ቀበቶዋን ያሰረችላትን አስተናጋጅ እጇን ይዛ ባረከቻት፤ ደመናውን የተነደፈ ጥጥ ነው ብላ አደነቀችው፤ ይህን ሁሉ የሚፈትል ሴት ከየት ይገኛል ስትልም የፊት ወንበሩ ሰው ዞሮ ሳቀ። ምሳዋን ሳትጨርስ መውረዱ ሲነገራት ግን ተገረመች።

«ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ» አለች፣ «ምነው እስከ ዛሬ አንድ ቀን ብቅ ሳይል?»

ውባለም ጎንበስ ብላ የእናቷን ቀበቶ ታጠብቅ ጀመር።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአሸዋው ላይ ተቀመጡ። እናት ዋናተኞቹን አይታ እነዚህን ሰዎች ልብሳቸውን ማን ቀማቸው ብላ ጠየቀች፤ ውባለም ከብዙ ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች፤ ደርበው እንኳ ፈገግ አለ። እንዲያ ተቀምጠው ያያቸው ሰው የተባረኩ ቤተሰብ ናቸው ባለ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናት እጇን በግንባሯ ላይ ጋርዳ ውሃውን ስታማትር ቆየችና ማዶው ወዴት እንደሆነ ጠየቀች። ደርበው ጭጋግ እንደሸፈነው፣ ነገ ሲገለጥ እንደሚታይ ነገራት።

አሁን ስለ አላምረው ስሙ። ከስጦታው ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ ያደገ፣ አንዱ የጀመረውን ቀልድ ሌላው የሚጨርስለት ልጅ ነበር። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ንግግሩ አነሰ። እንደ ሌሎቹ ዝም ብሏል፤ እንደ ሌሎቹም ምሏል። ውስጡን የሚበላው ግን ሞቱ ብቻ አልነበረም፤ ስሙ ተጠርቶ፣ ደረት ተደቅቶ ያልተለቀሰለት ወንድሙ ገና እየተንገላታ ይመስለው ነበር። ታላላቆቹን ግን አልወቀሰም። እናት ስትስቅ ባየ ቁጥር ደርበው ልክ ነው ይላል፤ ለሟች ጋቢ ስትፈትል ባየ ቁጥር ደግሞ ያ ሳቅ እንደ ስድብ ይሰማው ነበር።

እሁድ ጎሕ ሲቀድ እናት ልትጸልይ ወደ ውሃው ዳር ወጣች። ጋቢውን ይዛለች፤ ወደ ማዶ የሚሻገር ሰው ማልዶ ይነሳል ብላ። አላምረው ተከተላት። ሰማዩ ጠርቷል፤ ጭጋግ የሚባል የለም። እናት እስከ ሰማዩ ግርጌ አየች፤ ወደ ቀኝ አየች፤ ወደ ግራ አየች።

«አላምሬ» አለች፣ «ማዶ የለውም።»

«የለውም፣ እማዬ።»

ጋቢውን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«ደርበው ለኔ ሲል ይዋሻል፤ አውቀዋለሁ። አንተ ግን መዋሸት አትችልበትም፤ በልጅነትህም ጆሮህ ይቀላ ነበር። ወንድምህ ተሻግሯል? ስጦታው ይሙት በለኝ።»

አላምረው የወንድሞቹን ሁለቱንም ፊት አሰበ፤ የሕያውንና የሟችን። ቃሉ ቀላል ነበር። ቢለው እናቱ ጸልያ፣ ቁርሷን በልታ፣ ፎቶግራፍ ተነሥታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በአሸዋው ላይ ተንበርክኮ እግሮቿን ያዘ።

«በስጦታው አጽም» አላት። «በስጦታው አጽም፣ ከእንግዲህ አልዋሽሽም።»

ሌላ ቃል አላስፈለገም።

ደርበውና ውባለም አላምረው ሲንበረከክ ከመስኮት አይተው ከማረፊያው ሲሮጡ ደረሱ። ደርበው መድኃኒቷን በእጁ ጨብጦ፣ ወንድሙን ሊመታ የቃጣውን ሌላ እጁን መልሶ፣ እናቱ ስትወድቅ ሊቀበላት ቆመ። እናት ግን አልወደቀችም። ጋቢውን ከጨርቁ አውጥታ በአሸዋው ላይ ዘረጋችው፤ በአገሯ የሟች ልብስ በለቅሶ ፊት እንደሚዘረጋ አድርጋ፣ ግርጌውን ወደ ምሥራቅ አዙራ። ከዚያ በስሙ ጠራችው። በሕፃንነቱ ስሙ፣ በቁልምጫው፣ ስታጠባው ታወጣለት በነበረው ስም ሁሉ ጠራችው። ሦስቱ ልጆቿም በዚያ ሁሉ ጊዜ አፍነው የያዙትን ለቅሶ በአንድነት ለቀቁት። ጩኸቱ እንግዶቹን ቀሰቀሰ። ዝም ሊያሰኛቸው የመጣው ዘበኛ ጋቢውን አየ፤ ከዚያ ባሕሩን አየ። ቋንቋቸውን ባይሰማም ነገሩ ገባው፤ ኮፍያውን አውልቆ ጋቢው ዳር ቆመ።

ሊመለሱ ሲሉ ውባለም ጋቢውን ለውሃው እንስጠው ብላ ነበር።

«አንዱን ወስዷል» አለች እናት። «ይህን አልጨምርለትም።»

አዲስ አበባ ሲደርሱ ድንኳን ተተከለ፤ ፍትሐት ተፈታ፤ ዕድሩ ያለ አስከሬን ተቀመጠ። እናት ልጆቿን አንዳቸውንም አልወቀሰችም። ደርበውን ብቻ አንድ ቀን ፀጉሩን እየዳበሰች፣ ያን ሁሉ እሁድ ብቻህን ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው አልሳቀችም፤ በጥርጣሬ ያጣችው እንቅልፏ ግን ተመለሰ። በየእሁዱ የምትጠብቀው ሰላምታ ስላልነበረ በጸጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ትመለስ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ልቧ ደከመ፤ ክረምቱ ሳይወጣም አረፈች። ሐኪሙ ሲጠየቅ፣ ሕመሙ ቀድሞም ወደዚያው ይወስዳት እንደነበር ተናገረ፤ ሐዘኑ አፋጥኖታል ወይ ሲሉት ግን አላፋጠነም አላለም።

ከመሞቷ በፊት ጋቢውን አስመጥታ በእጇ ዳሰሰችው።

«ይህ» አለች፣ «ልጄን ለቀበረልኝ ይሁን።»

ከእኛ ለየትኛችን ነው ብለው ቢጠይቋት ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው፤ ዓይኖቿንም በዚያው ከደነች።

ለቅሶው ሲያበቃ ሦስቱ በጋቢው ዙሪያ ተቀመጡ። ደርበው ቀድሞ ተናገረ።

«የቀበርኩት እኔ ነኝ። መሬት ባጣ ጊዜ በሆዴ ቀበርኩት። ነፍሴን በሐሰት መሐላ አቁስዬ እናታችንን በሕይወት ያኖርኳት እኔ ነኝ።»

«አንተ የቀበርከው ወሬውን ነው፣ ጋሼ» አለች ውባለም። «ሰው የሚቀበረው ገላው ባለበት ነው። እናቱን ከመቃብሩ ራስ ያቆምኳት እኔ ነኝ። እኔ ባልወስዳት ሁላችሁም እዚሁ ሆናችሁ ስትዋሹ ትኖሩ ነበር።»

አላምረው ጋቢውን ሳይነካ ቆየ።

«ያልተለቀሰለት አልተቀበረም» አለ። «ያስለቀስኳት እኔ ነኝ። ጋቢውን ግን አልጠይቅም፤ እጄ ሲነካው እሷንም የቀበርኩ ይመስለኛል። ለሌላ ሲሰጥ ግን ዝም ብዬ አላይም።»

ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። እሳቸውም ለመሐላው ቀኖና ሊሰጡ እንደሚችሉ፣ በጋቢው ላይ ግን ሊፈርዱ እንደማይችሉ ነግረው አሰናበቷቸው። ከዚያ ወዲህ ጋቢው በእናት ሣጥን ውስጥ ነው። ብል እንዳይበላው ሦስቱ ተራ እየገቡ ፀሐይ ያሞቁታል፤ ማንም ግን ለብሶት አያውቅም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ ፍረዱ። ሞቱን ደብቆ እናቱን ያኖራት፣ እናቱን ከመቃብሩ ያደረሳት፣ ወይስ እውነቱን ነግሮ ያስለቀሳት፤ ከሦስቱ ስጦታውን የቀበረው ማን ነው? ጋቢውስ ለማን ይገባል?