ማንም ሳይሞት የተነፋ ጡሩምባ

ተረት ተረት! በሉ እንጂ፣ «ይምጣ ከጎረቤት!»

ከወንዙ ዳር፣ ከሰፈሩ ሁሉ ዝቅ ብላ፣ የዘርፌ ቤት አለች። ዘርፌ ባል አላት፤ ሰፈሩ ጋሽ ቦጋለ ይለዋል። ምላሱ እንደ ወፍጮ ይፈጫል፣ እግሩ ግን አይሄድም። ግድግዳ ሲለስን ከመሰላል ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ዓለሙ አልጋው ነው። አምና በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ቤት ሲገባ፣ ዘርፌ ባሏን ጎትታ ጠረጴዛ ላይ አወጣችው። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ውኃው ከወገቧ ደርሶ፣ «የሰው ያለህ!» ስትል ዋለች። ሰፈርተኛው የመጣው ውኃው ከጎደለ በኋላ ነው። «ምነው፣ አትጣሪም ነበር?» አላት ሁሉም። ኧረ ስትጣራ ነው የዋለችው! ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ማን ማንን ይሰማል?

ዘንድሮ ግንቦት ሲያልቅ ሰማዩ መጥቆር ጀመረ። ዘርፌም አንዲት ነገር ፈለገች፤ ትንሽ ነገር። ክረምቱ ሳይገባ፣ በደህናው ቀን፣ ሰፈሩ ወጥቶ ባሏን አንድ ጊዜ ከወንዙ ዳር እስከ ላይኛው ሜዳ ተሸክሞ እንዲሞክረው። ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ እንደሚይዝ፣ በየት በኩል እንደሚያወጡት ከወዲሁ እንዲታወቅ። ይኸው ነው።

«ሰፈሩን ከቤቱ የሚያስወጣው ጡሩምባ ነው» ብላ ወደ ታፈሰ ሄደች። ታፈሰ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው። እሱ ሲነፋ ድመት እንኳ ነጠላዋን ትፈልጋለች።

«ታፌ፣ ንፋልኝና ሰዉ ይውጣልኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያ ምኑን ልንፋው? እትዬ ዘርፌ፣ ይህ ጡሩምባ ከሞት በቀር ቋንቋ አያውቅም። ዳኛው ይዘዙኝና እነፋለሁ።»

ታፈሰ አልነፋ፣ ሰፈሩ አልወጣ፣ ቦጋለም ከወንዙ ዳር አልተነሳ።

ወደ እድሩ ዳኛ፣ ወደ ጋሽ አሰጋኸኝ ሄደች። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን በመፋቂያ ይፍቃሉ።

«ጋሼ፣ ታፈሰን ይዘዙልኝ።»

ጉዳይዋን ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልካም አስበሻል። ግን በምን ይሸከሙታል? እንደ ሕፃን ሊታዘል ነው? ቃሬዛው የእድሩ ዕቃ ቤት ነው ያለው፤ ቁልፉ ደግሞ ብርቄ ዘንድ ነው። ቃሬዛው ሳይወጣ ሰው ጠርቼ ባፍር፣ ማን ዳኛ ይለኛል?»

ዳኛው አላዘዙ፣ ታፈሰ አልነፋ፣ ሰፈሩ አልወጣ፣ ቦጋለም ከወንዙ ዳር አልተነሳ።

ወደ ብርቄ ሄደች። ብርቄ ቁልፉን ከወገቧ አትለየውም፤ ስትራመድ ይንሿሿል።

«ምን? ሕያው ሰው በሙት ቃሬዛ? ሟርት ነው፣ እትዬ!»

«ባለቤቴን ጠይቄዋለሁ። ‹ሙት ብቻ መሸከም ቃሬዛውንም ሳይሰለቸው አይቀርም› ነው ያለኝ።»

ብርቄ ሳቋ አመለጣት፣ አፏን በእጇ ያዘች። «እሺ፣ ሟርቱ በራሱ ይሁን። ግን ቁልፉ ምን ይሠራልሻል? የደምሴ እንጨት ዕቃ ቤቱ በር ላይ እንደ ተራራ ተከምሯል። እንጨቱን ያንሳ፣ ቁልፉን እሰጣለሁ።»

«ሰው ቢሞትስ?»

«እሱማ ሮጦ ያነሳዋል! ለሙት ማን ይሰንፋል?»

ደምሴ እንጨቱን አላነሳ፣ ብርቄ ቁልፉን አልሰጠች፣ ዳኛው አላዘዙ፣ ታፈሰ አልነፋ፣ ሰፈሩ አልወጣ፣ ቦጋለም ከወንዙ ዳር አልተነሳ።

ወደ ደምሴ ሄደች። አናጢ ነው፤ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ ሰክቶ፣ መሰካቱን ረስቶ እርሳስ ይፈልጋል።

«እኔ መች ጠላሁ፣ እትዬ? ግን ወዴት ላንሳው? ወደ ግቢዬ የሚያስገባውን መንገድ አያልነሽ በአጥር ዘግታዋለች። ለጋሽ ቦጋለም ቢሆን ወደ ሜዳው አቋራጩ እሱ ነበር። አጥሯን ትክፈት፣ እንጨቴን ዛሬውኑ አነሳለሁ።»

አያልነሽ አጥሯን አልከፈተች፣ ደምሴ እንጨቱን አላነሳ፣ ብርቄ ቁልፉን አልሰጠች፣ ዳኛው አላዘዙ፣ ታፈሰ አልነፋ፣ ሰፈሩ አልወጣ፣ ቦጋለም ከወንዙ ዳር አልተነሳ።

ወደ አያልነሽ ሄደች። አያልነሽ ጎመኗ መሃል ቁማ ትኮተኩታለች።

«እኔ ክፉ ሆኜ ነው? የማሚቴ በግ ነዋ! እስከ ሥሩ ግጦልኝ፣ ምስጋናው መስሎት በጠጡን ጥሎልኝ ሄደ። በጓን ትሰር፣ አጥሬን እከፍታለሁ።»

«ማሚቴ ደግሞ የቷ ናት?»

«ከላይ፣ ከሜዳው ጥግ ያለችው ተከራይ። ኩራተኛ ናት፣ ከሰው አትገጥምም ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰው ነዋ! እኔማ አናግሬያት አላውቅም።»

ማሚቴ በጉን አላሰረች፣ አያልነሽ አጥሯን አልከፈተች፣ ደምሴ እንጨቱን አላነሳ፣ ብርቄ ቁልፉን አልሰጠች፣ ዳኛው አላዘዙ፣ ታፈሰ አልነፋ፣ ሰፈሩ አልወጣ፣ ቦጋለም ከወንዙ ዳር አልተነሳ።

ዘርፌ እየደከማት ዳገቱን ወጣች። ማሚቴ በሯን ገርበብ አድርጋ አየቻት፤ «ግቢ» አላለቻትም። በጉ ከእግሯ ሥር ቆሟል።

«በጉን እሰሪልን ብዬ ነበር፣ እናቴ። የሰው ጎመን...»

«የሰፈሩ ጎመን ምኔ ነው? ሰፈሩስ ምኔ ነው?» አለች ማሚቴ። «መስከረም ላይ ወንድሜ ሞተ። ሩቅ አገር ነው፣ በስልክ ነው የነገሩኝ። እዚሁ ቤት ብቻዬን እሪ አልኩ። አንድ ሰው በሬን አንኳኳ? እድርተኛ አይደለሁማ! ጡሩምባው ዝም፣ ሰዉም ዝም። ይህ በግ ነው አጠገቤ ቆሞ ያመሸው። እሱን ነው የማስረው?»

ዘርፌ ያምናውን ጎርፍ አስታወሰች። ሲጣሩ ውሎ ሰሚ ማጣት ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ስለ በጉም፣ ስለ አጥሩም፣ ስለ እንጨቱም፣ ስለ ቁልፉም፣ ስለ ዳኛውም፣ ስለ ጡሩምባውም አንዲት ቃል አልወጣትም። ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቃ አጣፋችና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ማን ይባል ነበር?»

«ሙሉሰው።»

«ወይኔ ሙሉሰው! ወይኔ ወንድሜ!» አለች ዘርፌ፣ ደረቷን እየደቃች። ለማታውቀው ሰው ከልቧ አለቀሰችለት። ማሚቴ መጀመሪያ ቆማ አየቻት፤ ቀጥሎ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተላቀሱ። ስንት ጊዜ ታምቆ የኖረ እንባ!

«እግዜር ያጥናሽ» አለች ዘርፌ ሲበቃቸው። «ዘገየሁብሽ።»

ማሚቴ ውኃ ሰጠቻት፣ ፊታቸውን ታጠቡ። «አመጣጥሽ ለበጉ ነበር፣ አይደል?»

«ለበጉ ነበር። ልዋሽሽ አልችልም።»

ማሚቴ እያለቀሰች ሳቀች። ገመድም ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች።

አሁን እዩልኝ! ማሚቴ በጉን አሰረች። በጉ ቢታሰር አያልነሽ አጥሯን ከፈተች። አጥሩ ቢከፈት ደምሴ እንጨቱን አነሳ። እንጨቱ ቢነሳ ብርቄ ቁልፉን ሰጠች። ቁልፉ ቢገኝ ቃሬዛው ወጣ። ቃሬዛው ቢወጣ ዳኛው አዘዙ። ዳኛው ቢያዙ ታፈሰ ነፋ። ታፈሰ ቢነፋ፣ ሰፈሩ...

ሰፈሩማ እሪ ብሎ ወጣ! ለምን እንደሚነፋ ለሰው መንገር ማንን ትዝ አለው? ሴቱ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን ጎትቶ፣ «ማን ነው? ማን ነው?» ይባባላል። ቃሬዛው ወደ ዘርፌ ቤት ሲወርድ ያየ ሁሉ፣ «ወይኔ ጋሽ ቦጋለ! ወይኔ ጨዋታ አዋቂው!» እያለ ቁልቁል ጎረፈ።

«አቤት!» አለ ቦጋለ ከአልጋው። «ማን ነው የጠራኝ?»

ጩኸቱ እንደ መብራት ድርግም አለ።

«ቀጥሉ እንጂ፣ ምነው? ከልቡ የሚያለቅስልኝን ልለይ።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች አያልነሽ። «እንባዬን መልስልኝ!»

ጋሽ አሰጋኸኝ ከዘራቸውን አነሱ። «ሰው ሆይ፣ የሞተ የለም። እንዳይሞት ነው የጠራናችሁ።» ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እንዲህ ያለ ጥሪ በእድሩ ተሰምቶ አያውቅማ!

ደምሴና ታፈሰ ከፊት፣ ሁለት ጎረምሶች ከኋላ ያዙ። «ቀስ! ወደ ቀኝ! ኧረ ድንጋዩን!» በተከፈተው አጥር ገቡ፣ በጎመኑ ዳር ዳር አለፉ። ማሚቴ ወርዳ መጥታ ትራሱን ደግፋ ትከተላለች። ሜዳው ላይ ሲያሳርፉት ቦጋለ ሰፈሩን ቁልቁል አየ። ስንት ዓመት ያላየውን ጣራ ሁሉ በዓይኑ ዞረው። ዘርፌም እጁን ያዘች።

በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሌላ የማይራመድ ማን አለ?»

ሰዉ ያኔ ማሰብ ጀመረ። እማማ የሺመቤት ዓይናቸው አያይም፤ ወላጆቻቸው ሥራ የሚውሉ ሕፃናት አሉ፤ የብርቄ እህት እርጉዝ ናት። እገሌ እገሊትን ያውጣ፣ እገሊት እነእገሌን ታውጣ ተባለና ሰው ለሰው ተመደበ። ታፈሰም ጡሩምባውን ሌላ ቋንቋ አስተማረው፤ ለሞት ረዥም፣ ለውኃ ቁርጥ ቁርጥ።

«ማሚቴም ከዛሬ ጀምሮ እድርተኛ ናት» አሉ ዳኛው። «የሚቃወም አለ?» የታሰረው በግ ብቻ «ባ» አለ።

ሐምሌ ሲጋመስ ወንዙ መጣ። ታፈሰ ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ነፋ፣ ዳኛው ደጅ ወጡ፣ ብርቄ ከፈተች፣ ደምሴ ተሸከመ፣ አያልነሽ አሳለፈች፣ ማሚቴ ተቀበለች። ውኃውም የዘርፌን በር ገፍቶ ገባ። ባዶ አልጋ አገኘ፤ ሰው አላገኘም። ሰውየው ማሚቴ ቤት ጋቢ ለብሶ፣ ዘርፌን ከጎኑ አስቀምጦ፣ «ሽሮሽ ጨው አነሰው» እያለ ያማርር ነበር።

ተረቴን ከትከሻዬ አወረድኩ፤ በሉ እንግዲህ እናንተ ተሸከሙት።